ሲፒኤል ልግዛ? ግዙ፤ ግን ምን እንደሚወስድባችሁ አውቃችሁ ግዙ



ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ይሞላል። "ቲቸር፣ ሲፒኤል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" "ቲቸር፣ የትኛው ፊልተር ይሻላል?" "ቲቸር፣ አክስቴ ከዲሲ ልትመጣ ነው፣ ምን ላስመጣ?" መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ካሜራ ያለው ሁሉ ከከተማ መውጣት ያምረዋል። ስለዚህ ጥያቄው ወቅቱን የጠበቀ ነው። ለእያንዳንዳችሁ በየተራ ከምመልስ አንዴ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። አዎ፣ ጀማሪ ከሆናችሁና ለፊልተር የምታወጡት ብር ካላችሁ መጀመሪያ የሚገዛው ፖላራይዘር ነው። አንድ ብቻ፣ ግን ደህናውን። የምትገዙት "ፎቶ ያሳምራል" ተብላችሁ ከሆነ ግን ብሩ ለጊዜው ኪሳችሁ ይቆይ። ፖላራይዘር ፎቶ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ሥራው ብርሃን መጣል ነው። የትኛው ብርሃን ይጣል የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ፊልተሩ ራሱ ይወስንለታል፤ ብዙ ጊዜም የሚጣለው መጣል ያልነበረበት ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳ። ብርሃን ሲጓዝ ይነዝራል። ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይነዝራል፤ ወደ ላይም፣ ወደ ጎንም፣ አግድምም። ውሃ፣ መስታወት፣ ቅጠል ወይም የተወለወለ ወለል ላይ አርፎ ሲንጸባረቅ ግን ንዝረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። ፖላራይዘሩን እንደ እንጨት አጥር አስቡት። ገመድ በቋሚዎቹ መሃል አሳልፋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ብታወዛውዙት ማዕበሉ ያልፋል። ወደ ጎን ብታወዛውዙት እንጨቱ ይይዘዋል። የፊልተሩን ቀለበት በጣታችሁ ስታዞሩ አጥሩን እያዞራችሁ ነው ማለት ነው። ነጸብራቁ የሚነዝርበትን አቅጣጫ ስታገኙ ይያዛል፣ ከሥሩ የነበረው ነገር ይወጣል።

ይህ ነገር በነጸብራቅ መልክ መጀመሪያ የተስተዋለው መስኮት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 ማሉስ የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ፓሪስ ውስጥ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን በካልሳይት ድንጋይ በኩል ሲመለከት፣ ድንጋዩን ባዞረ ቁጥር ነጸብራቁ ሲደምቅና ሲደበዝዝ አየ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ኤድዊን ላንድ የሚባል አሜሪካዊ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ስስ ሉህ ሠራ። በ1937 ያቋቋመው ኩባንያ ፖላሮይድ የተባለው ከዚሁ የተነሳ ነው። ይህን የማነሳው ታሪክ ለማስተማር ብዬ አይደለም። ፖላራይዘር ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣብን "ሰማይ ሰማያዊ የሚያደርግ" የሚለው ስለሆነ ነው። ሰማዩ ተጨማሪ ጥቅሙ ነው። ዋናው ሥራው ነጸብራቅ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ "በዚህ ዘመን ፊልተር መግዛት ብር ማቃጠል ነው፣ ሁሉንም በላይትሩም እንሠራዋለን" ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሰማዩን ማጥቆር ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት እውነትም ፊልተር አያስፈልጋችሁም፤ የሰማያዊውን ብሩህነት ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው፣ በቃ። ነጸብራቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐይቅ ዳር ቆማችሁ የውሃው ገጽ ነጭ ሆኖ ከበራ፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ካሜራው ውስጥ አልገባም። ያልተቀዳን ነገር ኤዲት ማድረግ አይቻልም። አሁን አሁን ነጸብራቅ የሚቀንሱ ሶፍትዌሮች መምጣታቸውን አውቃለሁ፤ ጥሩም የሚሠሩበት ጊዜ አለ። ነጸብራቁ ነጭ አድርጎ ያጠፋው ቦታ ላይ ግን የሚያስቀምጡት ግምታቸውን ነው። ለዚህ ነው ከፊልተር ሁሉ መጀመሪያ ፖላራይዘር የምለው። ዩቪው፣ ባለቀለሙ፣ "ዋርሚንጉ" ሁሉ ኮምፒውተር ላይ የሚተካ ነገር አለው። ይሄኛው እንደነሱ አይተካም።

ታዲያ የት የት ይጠቅማል?

አንደኛ ቅጠል ላይ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ቅጠል ሁሉ ያብረቀርቃል። ዓይናችን ይለምደውና አረንጓዴ ያየን ይመስለናል፤ ካሜራው የሚቀዳው ግን አረንጓዴ ላይ የተለበደ ነጭ ነገር ነው። የቡና ቅጠል ተመልከቱ፣ ሰም የተቀባ ነው የሚመስለው። እንሰትም እንደዚያው። ጅማ ወይም ሲዳማ ሄዳችሁ የቡና ማሳ አንስታችሁ "ለምንድነው አረንጓዴው የገረጣው?" ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ፖላራይዘሩን አዙሩት፣ ነጩ ይነሳል፣ የቅጠሉ ቀለም ይወጣል። ለዚህ ሥራ ፀሐይ እንኳ አያስፈልግም፤ ደመናማ ቀን ላይም የእርጥብ ቅጠልን ንጣት ይቀንሳል። ኤዲት ላይ ሳቹሬሽን እየጨመራችሁ ቅጠሉን ፕላስቲክ ከምታስመስሉት ይሄ በስንት ጣዕሙ!

ሁለተኛ ውሃና እርጥብ ድንጋይ። ጣና ላይ ከጀልባ ሆናችሁ ስታነሱ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ ዳሎል ላይ ቢጫና አረንጓዴ ያቆረው ውሃ። ከላይ የሚያርፈው ንጣት ሲነሳ ቀለሙ ራሱን ይገልጣል። ግን የቆማችሁበት አንግል ወሳኝ ነው። ፊልተሩ ውሃ ላይ በደንብ የሚሠራው ካሜራችሁ ከውሃው ገጽ ጋር 37 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው፤ መስታወት ላይ ደግሞ 34 ዲግሪ አካባቢ። ልክ ከላይ ቁልቁል ብታዩ ወይም ከመስኮት ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ብትቆሙ እስከ ነገ ብታዞሩት ለውጥ የለም። ፊልተሩ ተበላሸ ብላችሁ ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱና እንደገና አዙሩት።

ሦስተኛ ለእንጀራ የሚሆነው ሥራ። የሚከራይ ቤት፣ ሆቴል፣ መኪና፣ የሱቅ መስታወት የምታነሱ ልጆች ብዙ ናችሁ። የወለል ሴራሚክ ላይ የሚያርፈው የመስኮት ነጸብራቅ፣ የመኪና የፊት መስታወት ላይ የሚታየው ሰማይ፣ የተወለወለ ጠረጴዛ፣ እነዚህ ሁሉ ይቀንሳሉ። የመኪናው ቀለም ላይም ይሠራል። ባዶ ብረት ላይ ግን አይሠራም። የብር መስቀል፣ የወርቅ ሀብል፣ ክሮም የሆነ የመኪና ጌጥ የሚያንጸባርቁት ብርሃን እንደ ውሃና እንደ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ አያደላም። ጌጣጌጥ ለማንሳት ብላችሁ ፖላራይዘር የምትገዙ ካላችሁ ተዉት፤ እዚያ የሚያስፈልጋችሁ ብርሃኑን በነጭ ጨርቅ ማለስለስ ነው።

ስለ ሰማይ ደግሞ ከእኛ አገር አንጻር ላውራ፤ ምክንያቱም ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ምክር አብዛኛው የሌላ ሰማይ ምክር ነው።

ሕጉ የትም አንድ ነው። ፖላራይዘር ሰማዩን በደንብ የሚያጠቁረው ከፀሐይ 90 ዲግሪ በሚርቀው ክፍል ላይ ነው። አመልካች ጣታችሁን ወደ ፀሐይ ቀስሩ፣ አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ከዚያ አመልካች ጣታችሁን ሳታነቃንቁ እጃችሁን ጠምዝዙ። አውራ ጣታችሁ የሚዞርበት መስመር ሁሉ ፊልተሩ የሚሠራበት ነው። ወደ ፀሐይ ወይም ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ ብታነሱ እምብዛም ለውጥ አታዩም። ጠዋት 2 ሰዓት ፀሐይ ምሥራቅ ላይ ዝቅ ብላ ስትሆን ያ መስመር ከሰሜን ተነስቶ በአናታችሁ አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አቅኑ።

ልዩነቱ ቀትር ላይ ነው። ለንደን ውስጥ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በቀትር ከአድማስ ከፍ የምትለው 15 ዲግሪ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ወር 57 ዲግሪ ትደርሳለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ቀን 6 ሰዓት አካባቢ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን 90 ዲግሪ የሚርቀው የትኛው ነው? አድማሱ፣ ዙሪያውን በሙሉ። ስለዚህ ቀትር ላይ፣ በተለይ ጭጋግና አቧራ በሌለበት ቀን፣ ወደየትም ብትዞሩ ከተራራው በላይ ያለው ሰማይ ይጠቁርላችኋል። ለፊት የቀትር ብርሃን መጥፎ ነው፤ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፣ እሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለተራራና ለሜዳ ግን ፖላራይዘር ይዛችሁ ከሆነ ቀትሩን ሙሉ በሙሉ አትናቁት።

ሌላው ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሰማዩ በራሱ ይጠልቃል። እዚያ ላይ ፖላራይዘሩን እስከ መጨረሻው ካዞራችሁት ሰማዩ ወደ ጥቁር ይሄድባችኋል፤ ፎቶው የጨረቃ ላይ ጉዞ ይመስላል። እዚያ ከፍታ ላይ ግማሹን አዙራችሁ አቁሙ። ደጋ ላይ ፊልተሩ የበለጠ የሚጠቅመው ሩቅ ያለውን ጭጋግ ትንሽ ገለጥ በማድረጉ ነው።

ሰፊ ሌንስ ላይም ጥንቃቄ አድርጉ። ከ24 ሚሊ ሜትር በታች፣ በክሮፕ ካሜራ ከ16 በታች ስትሆኑ አንድ ፎቶ ውስጥ የሚገባው ሰማይ ሰፊ ስለሆነ አንዱ ጥግ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ጥግ የነጣ ይሆናል። ፓኖራማ ለመገጣጠም ስታነሱማ ጭራሽ አውልቁት፤ ሰማዩ ቅድ ቅዳጅ ይሆንባችኋል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ባለፈው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የአያቱን ፎቶ ላከልኝ። ደጅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከጎናቸው ጎመንና ጤናዳም። ቀለሙ ግሩም ነው፣ ጎመኑ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ሰማያዊ። "ግን ቲቸር፣ ፊታቸው ምን ሆኖ ነው ያልሆነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። ፊታቸው ጠፍጣፋ ነበር። ቡናማ ወረቀት የተቆረጠ ይመስላል። ዩቲዩብ ላይ "ፖላራይዘር የቆዳን ወዝ ያጠፋል፣ ለፖርትሬት ጥሩ ነው" የሚል አይቶ እስከ መጨረሻው አዙሮት ኖሯል።

ያ ምክር ከየት እንደመጣ አስቡት። የነጣ ቆዳ በብዛት የሚታየው በራሱ በሚመልሰው ብርሃን ነው፤ ወዙ ቢቀነስለትም ቅርጹ ብዙ አይጎዳም። የጠቆረ ቆዳ ግን ከራሱ የሚመልሰው ብርሃን አነስተኛ ስለሆነ ፊታችንን የሚቀርጸው በአብዛኛው ከላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ ነው። ግንባር ላይ ያለችው ብርሃን፣ የጉንጭ አጥንት ላይ የምትሮጠው መስመር፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የከንፈር ጠርዝ። እነዚያን ስታነሱ የፊቱን ከፍታና ዝቅታ አብራችሁ ታነሳላችሁ። ዓይን ውስጥ የምትታየው ብልጭታም ነጸብራቅ ናት፤ እሷንም ሊያደበዝዛት ይችላል። ቅቤ የተቀባ ፀጉር፣ ላብ ያወረዛው የገበሬ ግንባር፣ ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ ውሃ ሲረጭ ፊት ላይ የሚወርደው ሁሉ የሚያምረው ስለሚያበራ ነው። ፖላራይዘሩ ወዝና ቆሻሻን አይለይም፤ ለእሱ ሁለቱም ነጸብራቅ ናቸው።

ስለዚህ የእኔ ሕግ ይህ ነው፦ ፎቶው ስለ ሰው ከሆነ ፖላራይዘሩ ይወልቃል። ሜዳ ላይ የሙሽሮች ፎቶ ስታነሱ ዛፉና ሰማዩ እንዲያምር የግድ ካስፈለጋችሁ ዓይናችሁን ከሰማዩ ላይ አንሱና ፊታቸው ላይ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን መሞት ሲጀምር መልሳችሁ አቁሙ። ሰማዩ ትንሽ ቢነጣ ማንም አይሞትም። ሰማዩን ኤዲት ላይ ታወርዱታላችሁ። የአያት ፊት ላይ የጠፋውን ብርሃን ግን ከየት ታመጡታላችሁ?

ይህ ነገር ለእኔ የፊልተር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የምንማርበት ምክር አብዛኛው የተጻፈው ለሌላ ሰማይና ለሌላ ቆዳ ነው። መጥፎ ምክር ነው ማለቴ አይደለም፤ እዚያው ለተጻፈበት ትክክል ነው። እኛ ግን የራሳችንን ሰው ፊት አስቀምጠን ካልሞከርነው በስተቀር፣ ፎቷችን ውስጥ አገሩ ደምቆ ሰዉ የሚደበዝዝበት ነገር ይበዛል። በየፌስቡኩ የማየው ይህንን ነው፤ ያሳዝነኛል።

ሌላው የሚወስድባችሁ ነገር ጠቅላላ ብርሃኑን ነው። ፖላራይዘር ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ይበላል። ሁለት ስቶፕ ማለት ወደ ሌንሱ ከመጣው ብርሃን ሩቡ ብቻ ቀረላችሁ ማለት ነው። 1/250 ላይ ታነሱ የነበረው 1/60 ይሆናል፤ ወይም አይኤስኦ 1600 የነበረው 6400 ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን፣ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ላይ፣ ፖላራይዘር ሌንሱ ላይ ረስተው "ካሜራዬ ኖይዝ በዛበት፣ ልቀይረው ነው" የሚሉ ልጆች አውቃለሁ። "ሌንስ ይከላከልልኛል" ብላችሁ ዘወትር ለጥፋችሁ አትዙሩ። መከላከያ ከፈለጋችሁ የሌንስ ክዳንና ሁድ አለ። በተቃራኒው ደግሞ ይህ መቀነሱ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ፏፏቴ ላይ የውሃውን እንቅስቃሴ ለማለስለስ ሹተር ማዘግየት ስትፈልጉ ሁለቱን ስቶፕ በነጻ አገኛችሁ ማለት ነው።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም ልግዛ ካላችሁ፣ አገዛዙን ልንገራችሁ።

1. ከመግዛታችሁ በፊት በነጻ ተማሩ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያለው ሰው ፈልጉ። መነጽሩን ስልካችሁ ካሜራ ፊት አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ቅጠል ላይ፣ መኪና መስታወት ላይ፣ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት ላይ፣ ሰማይ ላይ፣ ከዚያ ጓደኛችሁ ፊት ላይ። አንድ ሳምንት እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ "ያስፈልገኛል" ካላችሁ እውነትም ያስፈልጋችኋል። "አይ፣ እኔ የማነሳው ሰው ነው" ካላችሁ ደግሞ ብራችሁ ተረፈ፤ ሪፍሌክተር ግዙበት።

2. ልኩን እወቁ። ሌንሳችሁ ፊት ላይ ወይም ክዳኑ ጀርባ ላይ ክብ ላይ ሰረዝ የተሰመረባት ምልክት አለች፤ ከጎኗ ያለው ቁጥር የፊልተር ልክ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 49፣ 52፣ 55፣ 58፣ 67፣ 77፣ 82 ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሟችሁ ናቸው። ልብ በሉ፣ 18-55 ወይም 50 ተብሎ የተጻፈው የሌንሱ ፎካል ሌንግዝ ነው እንጂ የፊልተሩ ልክ አይደለም። ይህን አደባልቆ 55 ያዘዘ ሰው ፊልተሩ ከዲሲ ወይም ከዱባይ በሻንጣ መጥቶ አልገጥም ሲለው መልሶ የሚቀይርለት የለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

3. አንድ ብቻ ግዙ፣ ለትልቁ ሌንስ። ካላችሁ ወይም በቅርቡ ትገዙታላችሁ ብላችሁ ከምታስቡት ሌንስ ሰፊው 77 ከሆነ 77 ግዙ። ለትንንሾቹ ስቴፕ አፕ ሪንግ የሚባል ቀለበት አለ፤ ከ58 ወደ 77፣ ከ52 ወደ 77 የሚያሸጋግር። ዋጋው ከፊልተሩ ጋር አይወዳደርም። ሦስት መናኛ ፊልተር ከመያዝ አንድ ደህና ፊልተርና ሁለት ቀለበት ይሻላል። አንድ ችግር አለው፤ ቀለበት ሲገባ የሌንሱ ሁድ አይገጥምም። በእጃችሁ ወይም በኮፍያችሁ ፀሐዩን ከለል አድርጉ። በተቃራኒው ያለችሁ አንዲት የኪት ሌንስ ብቻ ከሆነችና ሌላ የመግዛት ሐሳብ ከሌላችሁ፣ ለእሷው ልክ ግዙ። ፊልተሩ ከሌንሱ ዋጋ ከግማሽ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ግን ያንን ብር ለሌንስ ማጠራቀሚያ አድርጉት።

4. ሰርኩላር ይሁን። ሲፒኤል ወይም ሲ-ፒኤል ተብሎ የተጻፈበት። ሰርኩላር የተባለው ፊልተሩ ክብ ስለሆነ አይደለም፤ ሊኒየሩም ክብ ነው። ከኋላው ሌላ ሽፋን ስላለው ነው። መስታወት ያላቸው ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ለፎከስና ለብርሃን ልኬት የሚጠቀሙት ከፊል በሚያሳልፍ መስታወት ያለፈ ብርሃን ነው፤ ሊኒየር ፊልተር እሱን ያሳስተዋል። ሚረርለስ ላይ ሊኒየርም ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ቢሆንም ነገ ካሜራ ስትቀይሩ ወይም ለጓደኛ ስታውሱ እንዳትቸገሩ ሰርኩላሩን ያዙ።

5. ሦስት በአንድ ቦርሳ የሚሸጠውን ተዉት። ዩቪ፣ ሲፒኤልና ኤፍኤልዲ አንድ ላይ ታሽገው "ለጀማሪ ሙሉ ኪት" ተብሎ የሚሸጥ አለ። ኤፍኤልዲ ማለት በፊልም ዘመን የፍሎረሰንት አምፖልን አረንጓዴነት ለማስተካከል የተሠራ ሐምራዊ ፊልተር ነው። በዲጂታል ካሜራ ያንን ሥራ ዋይት ባላንስ ይሠራዋል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የምትፈልጉት፤ የምትፈልጉት እሱ ደግሞ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ብዙ ጊዜ መናኛው ነው። ሻጩን አልወቅስም፣ የጠየቃችሁትን ነው የሸጠላችሁ።

6. ኮቲንግ ይኑረው። "መልቲኮትድ" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሽፋን የሌለው መስታወት ራሱ ነጸብራቅ ይፈጥራል፤ ነጸብራቅ ለማጥፋት ገዝታችሁት ነጸብራቅ ሲጨምርባችሁ አስቡት! ሆያ፣ ቢ ፕላስ ደብሊው፣ ቲፈን፣ ኬ ኤንድ ኤፍ፣ ኒሲ የሚባሉ ስሞች ታገኛላችሁ፤ ሁሉም ከርካሽ እስከ ውድ የተለያየ ደረጃ አላቸው። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ደረጃውን እዩ። ቀለበቱ ያለ መንገጫገጭ ለስለስ ብሎ ይዙር፤ ግን በራሱ አይንሸራተት።

7. እዚያው ፈትኑት። የላፕቶፕ ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ፊልተሩን በካሜራው በኩል ያለውን ጎን ወደ ዓይናችሁ አድርጋችሁ ስክሪኑን በእሱ በኩል እያያችሁ አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ መጨለም አለበት። ካልጨለመ ፖላራይዘር ሳይሆን የጠቆረ መስታወት ነው የያዛችሁት። ከዚያ ገልብጣችሁ ሞክሩ፤ ሰርኩላር ከሆነ ተገልብጦ ሲታይ አይጨልምም። ሁለቱም በኩል ከጨለመ ሊኒየር ነው። በተጨማሪ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ወደ ግራጫ ካደላ ጥሩ፣ በግልጽ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ተዉት።

ዘመድ ልታስመጡ ከሆነ "ፊልተር አምጪልኝ" ብላችሁ አትላኩ። አክስታችሁ ፎቶግራፈር አይደለችም። "ሰርኩላር ፖላራይዘር፣ 67 ሚሊ ሜትር፣ መልቲኮትድ" ብላችሁ ከነስሙና ከነሞዴሉ ጻፉላት፤ የክዳናችሁን ቁጥርም ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት። ዋጋ እዚህ ላይ አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፍ በሚቀጥለው ወር ትስቁብኛላችሁ።

ስለ አጠቃቀሙ ሦስት ነገር ብቻ ልበልና ልጨርስ። አንደኛ፣ ስታዞሩት ሁልጊዜ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ አዙሩ፤ ወደሚፈታበት ካዞራችሁት አንድ ቀን ከገደል ላይ ታዩታላችሁ። ሁለተኛ፣ የድሮ ኪት ሌንሶች ፎከስ ሲያደርጉ የፊት ቀለበታቸው አብሮ ይዞራል፤ ፎከስ አድርጉ፣ ከዚያ ፊልተሩን አስተካክሉ። ካሜራውን ወደ ቁም ስታዞሩትም ፊልተሩ አብሮ ስለዞረ እንደገና ማስተካከል አለባችሁ። ሦስተኛ፣ ዳናክልን የመሰለ ጨውና አቧራ ያለበት ቦታ ከሄዳችሁ መጀመሪያ በአየር አራግፉት፣ ከዚያ ነው የሚወለወለው። በነጠላ ጫፍ አትጥረጉት፤ እባካችሁ።

ለማጠቃለል፣ ፖላራይዘር ጥሩ አስተማሪ ነው። ሌላ ፊልተር አንዴ ትገጥሙትና ትረሱታላችሁ፤ ይሄኛው ግን ባነሳችሁ ቁጥር "ይህን ብርሃን ትፈልገዋለህ ወይስ አትፈልገውም?" ብሎ ይጠይቃችኋል። ጀማሪ የሚያስፈልገው ትልቁ ነገር ደግሞ ይኸው ጥያቄ ነው። ቅጠሉ ላይ ያለውን ንጣት ጣሉ፣ የመስታወቱን ጣሉ፣ የወለሉን ጣሉ። የሰው ፊት ላይ ያለውን ግን ሁለት ጊዜ ሳታስቡ አትንኩ።

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት መነጽርም ይሁን ፊልተር ይዛችሁ ውጡና አንድ ዓይነት ፎቶ ሁለት ጊዜ አንሱ፣ አንዱን ያለ ፖላራይዘር፣ ሌላውን ከነፖላራይዘሩ። ሁለቱንም ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ፤ ምን እንደጠፋ፣ ምን እንደተገኘ አንድ መስመር ጻፉበት። ፊት ያለበት ፎቶ ያመጣ ሰው ጋር ረዘም አድርገን እናወራለን። የማትስማሙም ካላችሁ፣ በተለይ ሠርግ የምታነሱ፣ እዚሁ ተከራከሩኝ። ካሜራ ሊገዛ ያሰበ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው፤ ብር ከማውጣታቸው በፊት ያንብቡት።

መልካም የመስከረም ብርሃን!